ከአምባው የወረደው ማን ነው?

«አክተር አይሞትም» የሚለውን ሕግ በቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ጥይት እንደ በረዶ ሲዘንብ አክተሩን አንዷም አታገኘውም። ገደል ቢገባ የሚይዘው ቅርንጫፍ አያጣም። ጓደኛው፣ አባቱ፣ እጮኛው ይሞታሉ፤ እሱ ግን የእነሱን ደም ሊመልስ ይተርፋል። ተመልካቹም ከመግባቱ በፊት ይህን ዐውቆ ነው ስሙኒውን የሚከፍለው። ይሁንና ያው ተመልካች ከብዙ ዓመታት በኋላ ከልቡ ያልወጣ ፊልም ንገረን ቢባል የሚጠራው አብዛኛውን ጊዜ ሕጉ የፈረሰበትን ነው። አክተሩ የሚሞት መሆኑን ዐውቆ፣ የማምለጫው በር ገና ሳይዘጋ፣ እዚያው የቀረበትን።

ለምን ይቀራል? «ጀግና ስለሆነ» ማለት መልስ አይደለም፤ ጥያቄውን በሌላ ስም መጥራት ነው። «ተስፋ ስለቆረጠ» የሚለውም አያዋጣም። ተስፋ የቆረጠ ሰው ጥይቱን አይቆጥርም፣ ቦታ አይመርጥም፣ በሩን አያጠብቅም። በእነዚህ ፊልሞች ውስጥ ያለው ሰው ግን ከምንጊዜውም ይልቅ አሳቢ የሚሆነው በዚያች በመጨረሻዋ ሰዓት ነው።

እንዲህ ያለ ታሪክ የሚያስብ ደራሲ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ቦታ ነው። ከፍ ያለ፣ ዙሪያው ገደል፣ መግቢያው አንድ። ጥቂቶች ብዙዎችን ሊያቆሙበት የሚችሉ፣ ነገር ግን አንዴ ከተከበቡ መውጫ የሚያጡበት። የሆሊውድ ሰዎች ይህን በእንጨትና በቀለም ይሠሩታል። ወሎ ውስጥ ተፈጥሮ ሠርታ አስቀምጣዋለች፤ ስሙም አምባ ይባላል።

አምባሰል ውስጥ ያለችውን ግሸንን እንውሰድ። ዛሬ ግሸን ሲባል የሚታወሰን መስከረም 21 ቀን የሚነግሠው በዓል፣ የመስቀል ቅርጽ ያለው ተራራና በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ገባ ስለሚባለው የጌታ መስቀል ክፋይ የሚነገረው ታሪክ ነው። ከዚሁ ጎን ለጎን ግን አምባዋ ሌላ ሥራ ነበራት። በዙፋን ላይ ያለው ንጉሥ ወንድሞችና የወንድም ልጆች አልጋውን እንዳይሻሙት የሚጠበቁባት እስር ቤት ነበረች። ዘርዐ ያዕቆብ ራሱ በ1434 እ.ኤ.አ. ከመንገሡ በፊት እዚያ ታስሮ እንደነበር ይነገራል። በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አገራችንን ያየው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ ስለዚሁ የመሳፍንት ተራራ ጽፏል። ወሬው ባሕር ተሻግሮ አውሮፓ ሲደርስ ተራራው ገነት ሆኖ ቁጭ አለ፤ እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰን በ1759 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ልቦለድ ውስጥ ራሴላስ የተባለ የሐበሻ ልዑል ምንም ሳይጎድልበት ከታጠረበት ሸለቆ ሲያመልጥ እናያለን። (ጆንሰን አገሩን አይቶት አያውቅም። ልዑሉ መውጣት እንደሚፈልግ ግን በትክክል ገብቶታል።)

ግሸን ውጊያም አላጣትም። የኢማም አሕመድ ጦር በ1531 እ.ኤ.አ. ሊይዛት ሞክሮ ተመልሷል፤ ኋላ ግን ተይዛለች። ጠባብ መንገድ፣ ከላይ የሚንከባለል ድንጋይ፣ ከታች የሚወጣ ጦር፤ ለካሜራ የተዘጋጀ ነገር ነው። ሆኖም የግሸን ዋና ታሪክ የበሩ ውጊያ አይደለም። የግሸን ዋና ታሪክ መጠበቅ ነው። እዚያ ላይ የንጉሥ ልጅ ተወልዶ፣ አግብቶ፣ ወልዶ፣ አርጅቶ ይሞታል። አንዳንድ ጊዜ ብቻ፣ ንጉሥ ሲሞት፣ መልእክተኛ ይመጣና ከመካከላቸው አንዱ ወርዶ ይነግሣል። ይህን ማን ፊልም ያደርገዋል? መጠበቅ ለሥዕል አይመችም። ማለቂያው መቼ እንደሆነ አይታወቅማ!

ከግሸን ብዙም ሳይርቅ ሌላ አምባ አለ። እሱም ዙሪያው ገደል ነው፤ እሱም የመሳፍንት እስር ቤት ነበር። ስሙን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ምክንያቱም የዚህኛው ታሪክ ማለቂያ አለው። መቅደላ። ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት፣ ብርሃኑ ዘሪሁን፣ አቤ ጉበኛ፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅን፣ በቅርቡም ጌትነት እንየው ቴዎድሮስን ጽፈውታል። አንዱ በተውኔት፣ ሌላው በልቦለድ። ስለ ግሸን እስረኞች እንዲህ ያለ ሰልፍ የለም። ሁለት ጎረቤት አምባዎች፤ አንዱ የመጠበቅ፣ አንዱ የመቅረት። እኛም እንደ ቪዲዮ ቤቱ ታዳሚ የቀረውን መርጠናል።

መቅደላን ለጊዜው እናቆያትና ወደ ፊልሞቹ እንለፍ።

በ1975 እ.ኤ.አ. የወጣውን የህንድ ፊልም «ሾሌ»ን ያየ ሰው ሳንቲሙን አይረሳም። ጄይና ቪሩ፣ ማለትም አሚታብ ባቻንና ዳርመንድራ፣ አንድ ነገር መወሰን ሲያቅታቸው ጄይ ሳንቲም ይወረውራል። ሁልጊዜም ይረታል። ወደ መጨረሻው ላይ የጋባር ሲንግ ሽፍቶች ድልድይ አጠገብ ሲያስጨንቋቸው፣ ጥይት እያለቀ፣ ጄይ ቆስሎ ሳለ፣ አንዱ እዚያ ቀርቶ ሌላው ልጅቷን ይዞ ጥይት ሊያመጣ መሄድ አለበት። ሳንቲሙ ይወረወራል፤ ዕጣው ለጄይ ቅር ይለዋል። ቪሩ ተመልሶ ጓደኛው እጁ ላይ ከሞተ በኋላ ሳንቲሙን አንሥቶ ሲያገላብጠው ሁለቱም ፊቱ አንድ ዓይነት ነው።

ስለ መጨረሻው ሰዓት ከተሠሩት ትዕይንቶች ሁሉ ይህን የማስበልጠው ስለሚያስለቅስ አይደለም። ህንድ ማስለቀስ አያቅታትም። ነገሩን ፈትቶ ስለሚያሳይ ነው። ጄይ ሞትን አልወደደም። አንድ ሰው በሕይወት እንዲሄድ ፈለገ፤ ያ ሰው ደግሞ እውነቱ ቢነገረው እንደማይሄድ ዐወቀ፤ ስለዚህ ምርጫውን ዕጣ አስመስሎ አቀረበው። የቆመው ለመሞት ሳይሆን ለማስወጣት ነው። ሞቱ የጉዞው ዋጋ ናት።

እንግዲህ በዚህ ሚዛን ሌሎቹን እንመዝናቸው። የመጨረሻዋ ጥይት ከመተኮሷ በፊት ማን እንዲሄድ ተደረገ? ማን ወረደ?

የኩሮሳዋ «ሰባቱ ሳሙራይ» (1954 እ.ኤ.አ.) ሚዛኑን ያለችግር ያነሣል። ከሰባቱ አራቱ ይሞታሉ፤ መንደሩ ግን ተርፎ ሩዙን ይተክላል። በሕይወት የቀሩት ሦስቱ መቃብሮቹ ሥር ቆመው ገበሬውን ያያሉ እንጂ አይፎክሩም። በአንጻሩ «ስካርፌስ» (1983 እ.ኤ.አ.) አለ። ቶኒ ሞንታና ደረጃው ላይ ቆሞ ያን ሁሉ ሲተኩስ ጓደኛውን ራሱ ገድሎታል፣ እኅቱም ሞታለች። ቤት ውስጥ ሊያድነው የሚችል አንድ ሰው የለም። ይህ መቆም አይደለም፤ የቤት መደርመስ ነው። ፖስተሩን ግድግዳው ላይ የለጠፈው ወጣት ሁሉ ፊልሙን እስከ መጨረሻው አይቶት እንደሆነ እጠራጠራለሁ።

«ዘ ዋይልድ በንች» (1969 እ.ኤ.አ.) ሚዛኑን ይፈታተነዋል። አራት ያረጁ ሽፍቶች አንድ ጦር ወዳለበት ግቢ በእግራቸው ይገባሉ። የመጡት ጓደኛቸውን ኤንጅልን ሊጠይቁ ነው፤ ጄኔራሉ ግን ዐይናቸው እያየ ያርደዋል። ከዚያ በኋላ የሚያድኑት ሰው አልቀረም። ታዲያ ለምን? ፔኪንፓ መልሱን ቀደም ብሎ ቀብሮታል፤ ኤንጅል ሲያዝ ትተውት ሄደው ነበር። ሊከፍሉ የመጡት ያንን ዕዳ ነው። እኔ ይህን ፊልም የምወደው ጀግንነትን ስለሚያሳይ ሳይሆን ጀግንነት አንዳንዴ የዘገየ እፍረት መሆኑን ስለማይደብቅ ነው።

በዚያው ዓመት የወጣው «ቡች ካሲዲና ሰንዳንስ ኪድ» ደግሞ ብዙ ተመልካች የሚዘልላት አንዲት ሴት አለችበት። ኤታ እስከ ቦሊቪያ ድረስ ተከትላቸው ሁሉን አብራቸው ታደርጋለች፤ ሲሞቱ ማየትን ግን ገና ከመነሻው እንደማታደርገው ተናግራለች። ሰዓቱ መቅረቡን ስታውቅ ወደ አገሯ ትመለሳለች። ሁለቱ ወንዶች ቆስለው ከአንድ ቤት ሲወጡ ምስሉ ድርቅ ብሎ ይቀራል። ውጭ ስንት ወታደር እንደሚጠብቃቸው እንኳ በውል አያውቁም፤ ወሬያቸው ስለ አውስትራሊያ ነው። በዚያ ፊልም ውስጥ ሞትን በትክክል ያየችው አንዷ የሄደችው ናት።

ከወረደው ሰው ጋር ምን እንደሚደረግ ግን ከሁሉ ይልቅ የሚያሳየው «300» ነው። የዛክ ስናይደር ፊልም (2006 እ.ኤ.አ.) ንጉሥ ሊዮኒዳስ ዲሊዮስ የተባለውን አንድ ዐይኑን ያጣ ወታደር ታሪኩን እንዲናገር ወደ አገሩ ሲልከው ያሳየናል። ዲሊዮስ ይመለሳል፣ ይናገራል፣ ሕዝብ ይነሣል፣ በሚቀጥለው ዓመት ጦር እየመራ ይዘምታል። ከላይ እስከ ታች ያማረ ነው። ሄሮዶተስ የጻፈው ግን ሌላ ነው። ከሦስት መቶዎቹ መካከል አሪስቶዴሞስ የተባለ፣ ዐይኑን ታሞ የነበረ ሰው በሕይወት ተመልሷል። ስፓርታ ውስጥ እሳት የሚያጋራው፣ የሚያነጋግረው ሰው አጣ፤ «ተንቀጥቃጩ» አሉት። በሚቀጥለው ዓመት ፕላቴያ ላይ እፍረቱን ሊያጥብ ከሰልፉ ወጥቶ ሞተ። ያኔም ቢሆን ሞትን ፈልጎ ነው ተብሎ ክብሩን ነፈጉት። መልእክት ይዞ ሄዶ የዳነ ሌላም ነበር ይባላል፤ እሱ ራሱን ሰቀለ። ፊልሙ አሪስቶዴሞስን ወስዶ ዲሊዮስ አደረገው። ለምን እንዳደረገው ይገባኛል፤ ያለ ዲሊዮስ ታሪኩ አይነገርም። ነገር ግን የቀረውን የሚያመልክ ባህል የተመለሰውን ምን እንደሚያደርገው መደበቁ ትልቅ ውሸት ነው።

ይህ ለእኛ ሩቅ ነገር አይደለም። በአማርኛ መማረክን «እጅ መስጠት» እንለዋለን። እጁን የሰጠ ሰው የቀረውን አካሉን ሁሉ እንደሰጠ ይቆጠራል። ፉከራችንና ቀረርቷችን የተሠራው ላለመስጠት ነው፤ ሮጦ ለገባ፣ ተሰውሮ ለዳነ፣ ልጆቹን ይዞ ለተሻገረ ቦታ የለውም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሐይቅንና ደሴን ሲያዳርስ፣ ሽማግሌ አዝሎ፣ ሕፃን አንጠልጥሎ በእግሩ የወጣው ሕዝብ ቁጥር ስፍር አልነበረውም። «እስከ መጨረሻዋ ጥይት» የሚለው ዘፈን ግን ስለ እሱ አልነበረም።

(ለቪዲዮ ቤት ወዳጆች አንድ የተረሳ ነገር ላስታውስ። የሁሉም አባት የሆነው ራምቦ በመጀመሪያው ፊልም፣ በ1982 እ.ኤ.አ.፣ እጁን ሰጥቷል። ያውም እያለቀሰ። በዴቪድ ሞሬል ልቦለድ ውስጥ ይሞታል፤ ለፊልሙም የሚሞትበት መጨረሻ ተቀርጾ ነበር፤ ከለቀቃው በፊት ያዩት ተመልካቾች ስላልወደዱት ተለወጠ። አክተር አይሞትም የሚለው ሕግ አንዳንድ ጊዜ ከጸሐፊው ይልቅ ልባም ነው።)

አሁን ወደ መቅደላ። ፊልም ቢሆን ኖሮ ታሪኩ በአንድ ከሰዓት በኋላ ያልቅ ነበር። ጠላት ይመጣል፣ ንጉሡ እምቢ ይላል፣ ሽጉጡን ይጠጣል። የሆነው ግን አራት ቀን የፈጀ፣ በሮች አንድ በአንድ የተዘጉበት ነገር ነው። በጸሎተ ሐሙስ ቴዎድሮስ ብዙ ኢትዮጵያውያን እስረኞችን ገደል አስወረወረ፤ ይህን ብዙዎቹ ድርሰቶቻችን ቶሎ ማለፍ ይወዳሉ። በስቅለት ዓርብ፣ ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ ፊታውራሪ ገብርዬ ጦሩን ይዞ እሮጌ ላይ ወረደ። ከጀርባ የሚጎርሰው የእንግሊዝ ጠመንጃ ከሰባት መቶ የማያንሱ ሰዎችን ገደለ፤ ገብርዬም ወደቀ። ከእንግሊዞች የሞቱት ቆስለው የነበሩ ሁለት ብቻ ናቸው። ቅዳሜ መልእክት ተላላኩ። ናፒየር ለንግሥቲቱ እጁን እንዲሰጥ ጠየቀ፤ እሱና ቤተሰቡ በክብር እንደሚያዙም ቃል ገባ። ቴዎድሮስ ራሱን ሊገድል ሞክሮ ሰዎቹ ከለከሉት። አውሮፓውያኑን እስረኞች ለቀቀ። በፋሲካ ዕለት ላሞችና በጎች ለዕርቅ ላከ፤ ናፒየር አልተቀበለም። ከዚያ ከአምባው ወጥቶ ሊሄድ ሞከረ፤ አልሆነለትም፤ ተመለሰ።

ልብ በሉ፤ የመጨረሻው አቋም የመጀመሪያ ምርጫው አልነበረም። ደብዳቤ፣ ዕርቅ፣ ሽሽት፤ ሦስቱም ከተሞከሩ በኋላ የተረፈው ነው። ይህን መናገር ቴዎድሮስን ማሳነስ የሚመስላቸው አሉ። ለእኔ ሰው የሚያደርገው ይኸው ነው። ከመነሻው ለመሞት የወሰነ ሰው ሐውልት ነው፤ የሚያሳዝነንም የሚያስተምረንም ነገር የለውም።

እምቢ ያለው ምንን ነው? ሕይወትን አይደለም፤ ላሙን የላከው ሊኖር ስለፈለገ ነው። እምቢ ያለው ለንደን ላይ መታየትን ይመስለኛል። ታስሮ በመርከብ ተጭኖ፣ በሌላ ሰው ታሪክ ውስጥ የሚጎበኝ ዕቃ መሆንን። ሰኞ ሚያዝያ 6 ቀን ጥቂት ሰዎች ይዞ በሩን ሊከላከል ከመቆሙ በፊት የቀሩትን ተከታዮቹን አሰናበታቸው፤ ሂዱ አላቸው። ከዚያ በኋላ ከንግሥት ቪክቶሪያ በተላከለት ሽጉጥ ራሱን ገደለ።

የእምቢታውን ውጤት እንየው። የብሪቲሽ ሙዚየም ባልደረባ የነበረው ሪቻርድ ሆልምስ የሬሳውን ፊት ሣለ፤ ኩርዓተ ርእሱ የተባለውን ሥዕልም ለራሱ ወሰደ። ብራናውና ዘውዱ በዝሆንና በበቅሎ ተጭኖ ሄደ። ከጠጉሩ የተቆረጠው ቁንዳላ ለንደን በሚገኘው የጦር ሠራዊት ሙዚየም ቆይቶ የተመለሰው በ2019 እ.ኤ.አ. ነው። ሊታይ ያልፈለገው ሰው ቁርጥራጩ ከመቶ ዓመት በላይ ተያዘ። ከሁሉ የሚከፋው ልጁ ነው። ዓለማየሁ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ ተወሰደ፤ በዚያው ዓመት ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ፎቶግራፍ አነሣችው። በ1879 እ.ኤ.አ. በ18 ዓመቱ ሞቶ ዊንዘር ተቀበረ፤ ዐፅሙ ይመለስ ተብሎ ሲጠየቅም በ2023 እ.ኤ.አ. ቤተ መንግሥቱ አይሆንም ብሏል። አባትየው ራሱን አስመለጠ፤ ሊያስመልጠው የሚገባውን ግን አላስመለጠም። ጄይ ሳንቲሙን የወረወረው በትክክል ለዚህ ነበር።

ስለ መቅደላ ተውኔቶቻችን የምለው ይኸው ነው። ብርሃኑን ሁሉ ሽጉጡ ላይ ያደርጋሉ፤ እኔ የማየው የተሰናበቱት ተከታዮች የሚወርዱበትን መንገድ ነው። ያ መንገድ መድረክ ላይ ሲታይ አላየሁም። የወረዱት ሰዎች ወዴት ሄዱ? ሚስቶቻቸውን ምን አሏቸው? መንደር ሲገቡ እሳት የሚያጋራቸው አገኙ? አሪስቶዴሞስን የሚጽፍ ሰው ገና አልተነሣልንም።

ሌላም ሰው ከዚያው አምባ ወርዷል፤ ከሦስት ዓመት ቀደም ብሎ። ቴዎድሮስ ሸዋን ሲያስገብር ገና ልጅ ሆኖ የማረከው የንጉሥ ኃይለ መለኮት ልጅ መቅደላ ላይ ወደ አሥር ዓመት ከኖረ በኋላ በ1865 እ.ኤ.አ. አንድ ሌሊት ሾልኮ ጠፋ። አልተኮሰም፣ አልፎከረም፣ በሩን አልተከላከለም። ልክ እንደ ግሸን ሰዎች ጠበቀ፤ ሰዓቱ ሲደርስ ደግሞ ወረደ። ምኒልክ ነው። አድዋ ላይ በ1896 እ.ኤ.አ. የሆነው ነገር እንዲሆን አንድ ሰው ከመቅደላ በሕይወት መውጣት ነበረበት። በሲኒማ ሕግ ይህ ሌሊት ለመግቢያ የሚሆን አምስት ደቂቃ ነው። በታሪክ ሚዛን ግን ሽጉጡን አያንስም።

ያን ሌሊት የሚቀርጽ ዳይሬክተር ቢገኝ ዋናው ገጸ ባሕርይ ማን እንደሚሆን ዐውቃለሁ፤ ምኒልክ አይደለም። ከአምባው ሥር ያለውን የወሎ አገር የምትገዛው ወርቂት ናት። ሽሽተኛው መንገዱ በእሷ ግዛት ነበር። የገዛ ልጇ እስረኛ ሆኖ እዚያው መቅደላ ላይ፣ በቴዎድሮስ እጅ ነበር። ወርቂት ምኒልክን አሳልፋ ወደ ሸዋ ሸኘችው። ቴዎድሮስም ልጇን ገደለው።